የቦራ ሦስተኛ ቁራጭ

ያን ጊዜ ሃያ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ከዳንግላ ወደ እንጅባራ ተዛውሬ ከመጣሁ ገና አንድ ክረምት ማለፉ ነው። የተቀጠርኩት በጽዳት ነው። በከተማው ስፖርት ክፍል ወለል እወለውላለሁ፣ የተቀደደ መረብ እሰፋለሁ፣ የፈሰሰ ኳስ እነፋለሁ። ደመወዙ ለጨውና ለበርበሬ ይበቃ ነበር፤ ከዚህ በላይ ስለ እሱ የምለው የለኝም።

በጥር ወር የፈረስ ግልቢያው ቀን፣ ሰዓት ከሚይዙት ሁለት ሰዎች አንዱ ታሞ ቀረ። ዋናው ሰዓት ያዥ ጋሽ ተገኝ ሜዳውን ከላይ በሚያሳየው ጉብታ ላይ ቆመው፣ «እዚህ ውስጥ ጣት ያለው ሰው የለም?» ብለው ጮኹ።

«እኔ አለኝ» አልኩ።

«ስንት?»

«አሥር። ሁሉንም ነው የሚፈልጉት?»

ሰዉ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። እጄን ይዘው ጣቶቼን አንድ በአንድ አዩና፣ «ጠቋሚዋን ብቻ» አሉ። እንዲህ ሆኖ ነው ሰዓት መያዝ የጀመርኩት። ከዚያ ወዲህ እስከ አምና ድረስ ጥር በመጣ ቁጥር እዚያ ጉብታ ላይ ነበርኩ።

አምና ጡረታ ወጣሁ። በመጨረሻው ዓመቴ አንድ የዩኒቨርሲቲ ልጅ ስልኩን በሦስት እግር ማቆሚያ ላይ ሰቅሎ ከጎኔ ቆመ። «እማማ፣ አይድከሙ፤ ቀርጾ ሰዓቱን ራሱ ይቆራርጠዋል» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ቆራረጠው። ያውም ሳይሳሳት። ልጁ ደግ ልጅ ነው፤ ወንበርም አምጥቶልኛል። እኔ ግን ያንን ስልክ ሜዳው ዳር ያለው ረግረግ ውስጥ ብወረውረው ደስ ይለኝ ነበር። በዕቃ መቅናት እንዳለ ያወቅሁት ያን ቀን ነው። በሰው መቅናቱን ግን ድሮም አውቀዋለሁ፤ ጠንቅቄ የማውቀው ሙያ ከሰዓቱ ቀጥሎ እሱ ነው።

በመጀመሪያ ሰዓቱን ላስረዳችሁ።

የፈረስ ውድድር ያየ ሰው ሁሉ ማን ቀደመ ብሎ ይጠይቃል። ጋሽ ተገኝ ይኸን ጥያቄ አይወዱም። ሜዳውን አራት ቦታ ቆርጠው በየመቁረጫው ባንዲራ የያዘ ሰው ያቆማሉ። ከመነሻው እስከ ኮሶው ዛፍ አንድ ቁራጭ፣ ከኮሶው እስከ ረግረጉ ሁለት፣ ከረግረጉ ሕዝቡ እስከሚቆምበት ዳስ ሦስት፣ ከዳሱ እስከ መድረሻው አራት። መንገዱ ዙሪያ ስለሚዞር ከጉብታው ላይ ሁሉም ይታያል። መሪው ፈረስ ባንዲራውን ሲያልፍ ባንዲራው ይወርዳል፤ እኔ ቁልፉን እጫናለሁ። ከኋላ ያሉት በስንት የፈረስ ቁመት እንደራቁ ጋሽ ተገኝ በዓይናቸው ለክተው ይነግሩኛል። እኔ በጠመኔ በጥቁር ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ። ከዚያ የየፈረሱ የየቁራጩ ሰዓት ይወጣል። እኛ «ቁራጭ» እንለዋለን። ስሙ ለእኔም ተረፈኝ፤ ገበያ ውስጥ ሳይቀር እናኑ ቁራጭ ይሉኛል። ቁመቴም ረድቷቸዋል።

ቁራጩ ምን ይሠራል? አንድ ነገር ልንገራችሁ። በሁለተኛው ዓመቴ አንድ አምባላይ ፈረስ ሁሉንም ጥሎ ገባ። ነጭ ነው፣ ያምራል፤ ሴቱ እልል አለለት። ጋሽ ተገኝ ግን ጀርባቸውን ለመድረሻው ሰጥተው ሰሌዳዬን ያያሉ። «አሸናፊውን አገሩ ሁሉ አይቶታል። አንች አራተኛውን እዪልኝ» አሉ። አየሁ። አራተኛ የወጣው አንድ ዳማ ፈረስ ነበር፤ የመጨረሻውን ቁራጭ ከሁሉም ፈጥኖ ጨርሶታል። አምባላዩ የመጀመሪያውን ቁራጭ ሽምጥ በርሮ፣ በየቁራጩ እየቀነሰ እየቀነሰ ነው የገባው። የገባውም ሜዳው ስላለቀለት ነው። «መንገዱ ትንሽ ቢረዝም?» አሉኝ። «ዳማው» አልኩ። «በሚቀጥለው ዓመት አንደኛ የሚወጣው ዳማው ነው የምትይው?» «አዎ።» «እኔም» አሉ። በሚቀጥለው ዓመት ዳማው አንደኛ ገባ። ያን ቀን የዳማው ባለቤት መጥቶ ግንባሬን ሳመኝ። ኃላፊያችን ግን ሰሌዳውን አይቶ፣ «ይኼ ሁሉ ቁጥር ለምን አስፈለገ? የአንደኛውን ስም ብቻ ጻፉልኝ» አለ። ከእሱ በኋላ የመጣው ደግሞ ቁጥሩን ወደደውና በደንብ እንዲታይ «ሙሉ ቁጥር አድርጉት» አለን። ኃላፊ ይመጣል፣ ኃላፊ ይሄዳል።

የጋሽ ተገኝን ልማድ ብጽፍ ይህ ወረቀት አይበቃም። በጥር የእንጅባራ ብርድ ብረት ያደርቃል፤ ቁልፉ እንዳይደርቅ ብለው ሰዓቱን በብብታቸው ይዘው ነው የሚመጡት። ሲሰጡኝ ትኩስ ነው። «በአውራ ጣት አትጫኝ፤ አውራ ጣት ባላባት ነው፣ ሲነሳም ሲቀመጥም ጊዜ ይፈልጋል» ይላሉ። ውድድሩ ሳይጀመር ሜዳውን በእግራቸው ይዞራሉ፤ በየቁራጩ ከዘራቸውን መሬት ላይ ተክለው ምን ያህል እንደሰጠመ ያያሉ። ረግረጉ አጠገብ ብዙ ከሰጠመ፣ «እዚህ የሜዳውን ዕዳ ከፈረሱ ላይ ቀንሽ» ይሉኛል። ፈረሱ የዘገየው በራሱ ነው ወይስ በጭቃው፤ ይኸን ሳይለዩ ስለ ፈረስ መናገር ሐሜት ነው ይላሉ። ሁለት ነገር ደግሞ ዘወትር ይደጋግሙልኝ ነበር። አንዱ «የደከመ ፈረስ አይመለስም» የሚል ነው፤ ደክሞት የዘገየ ፈረስ እዚያው ውድድር ውስጥ ተመልሶ አይፈጥንም። ሁለተኛው «ሰዓት የት እንደዘገየ ይነግርሻል፤ ለምን እንደዘገየ አይነግርሽም።» የመጀመሪያውን ያዝኩት። ሁለተኛውን ግን የያዝኩት መስሎኝ ነበር።

አሁን ወደ እህቴ ልምጣ።

የውብዳር ታናሼ ናት። ዳንግላ ጋሪ ነጂ አግብታ ትኖር ነበር። ከልጅነታችን ጀምሮ እኔ ተምሬ የማገኘውን እሷ ሳትማር ታገኘዋለች። ዘፈን እኔ አጠናለሁ፤ እሷ ትዘፍነዋለች። እኔ የወጠወጥኩትን ወጥ አባታችን «የውብዳር እጇ ይጣፍጣል» ብሎ ይበላዋል። ታዲያ ክፉ ብትሆን ምናለ! ክፉ አይደለችም። «እታለም» ስትለኝ እውነቷን ነው። በክፉ ሰው መቅናት ቀላል ነው፤ በደግ ሰው መቅናት ግን ጉሮሮ ላይ ይቀራል።

ጋሽ ተገኝ ጡረታቸው በደረሰበት ዓመት ዋናው ሰዓት ያዥ ማን እንደሚሆን ወሬው ሁሉ ስለዚያ ነበር። በእሳቸው እግር የሚተካውን ራሳቸው እንዲመርጡ ኃላፊው ፈቅዷል። ያለሁት እኔ ነኝ። ሌላ ሰው የለም። እኔም ያንን ቦታ ከምንም ነገር አብልጬ እፈልገው ነበር፤ ከጽዳት የሚያወጣኝ ስለሆነ ብቻ አይደለም። እኚያ ሰው አንድ ቀን «እናኑ ናት» እንዲሉ እፈልግ ነበር። ስንት ዓመት ከጎናቸው ቆሜ አንድ ቀን እንኳ ጎበዝ ብለውኝ አያውቁም።

በዚያው ጥር ባሕር ዳር ለሚደረግ ውድድር ሦስት ፈረስ መምረጥ ነበረብን። ብዙው ፈረስ የታወቀ ነው። አዲስ የመጣው የአቶ ስመኘው ፈረስ ነበር። አቶ ስመኘው ከእንጅባራ ወጣ ብሎ የሚኖሩ ገበሬ ናቸው፤ ፈረሱን በቅርብ ገዝተውታል። ግንባሩ ላይ ነጭ አለበት፤ ቦራ ይሉታል። የሚጋልበው አንዷለም የሚባል ጎረቤታቸው ነው፤ ዝም ያለ፣ ፈረስ ላይ ሲወጣ ግን ከኮርቻው ጋር የተሰፋ የሚመስል ሰው።

በልምምድ ቀን ለካነው። ሜዳው ባዶ ነው፤ እኔና ጋሽ ተገኝ፣ ባንዲራ ያዦቹና ፈረሶቹ ብቻ። ቦራ አራቱንም ቁራጭ እንደ ሽመና አስተካክሎ ሮጠ። ጋሽ ተገኝ ሰሌዳውን ሁለት ጊዜ አዩት። «ይኼስ ባሕር ዳር ነው» አሉ።

የውድድሩ ቀን ሕዝቡ ሞላ። ዳሱ ጋ ሴቱ ክብ ሠርቶ ይዘፍናል፣ ያጨበጭባል። ፈረሶቹ ተለቀቁ። ቦራ ኮሶው ጋ መሪ ነበር፤ ረግረጉን ሲያልፍም መሪ ነበር። ሦስተኛው ቁራጭ ላይ ድንገት ከሽምጥ ወደ ደንገላሳ፣ ከደንገላሳ ወደ ሶምሶማ ወረደ። ሦስት ፈረስ አለፈው። ዳሱን ካለፈ በኋላ ደግሞ ተነሳ! የመጨረሻውን ቁራጭ ከሁሉም ፈጥኖ ጨረሰና አራተኛ ገባ።

ሰሌዳዬን አየሁ። ነገሩ እንደ ፀሐይ ታየኝ። ሜዳው አይደለም፤ ከዘራው እዚያ ጋ አልሰጠመም። ድካም አይደለም፤ የደከመ ፈረስ አይመለስም። ፈረሱ አይደለም፤ ባዶ ሜዳ ላይ እዚያችው ቦታ ላይ በርሯል። ታዲያ ምን ቀረ? ጋላቢው!

ኃላፊው፣ ሽማግሌዎቹና የፈረስ ባለቤቶቹ ተሰብስበው «ቦራ ምን ሆነ?» ሲሉ፣ ጋሽ ተገኝ አገጫቸውን ይዘው ሰሌዳውን ደግመው ያዩ ጀመር። እኔ ግን ዝም የምልበት ቀን አልነበረም። «ቁራጩ ይናገራል» አልኩ። «ጋላቢው ይዞታል።»

ይህ ቃል በእኛ አገር ምን እንደሆነ የማያውቅ ሰው ካለ ልንገረው። ፈረሰኛን ወድቀሃል በለው፣ ይስቃል። ፈርተሃል በለው፣ ይሰድብሃል። ፈረስህን ይዘሃል፣ ሌላው እንዲያልፍ ልጓም ስበሃል ካልከው ግን ሌባ ብለኸዋል፤ ከዚያም የከፋ።

አንዷለም ሰማ። ከፈረሱ ወረደ። አልጮኸም። ኮርቻውን ፈታ፣ ትከሻው ላይ አደረገ፤ ወደ እኔ መጣና ቆመ።

«እህቴ፣ እጄን አይተሽዋል?»

«ሰዓቱን ነው ያየሁት» አልኩት።

«እሱማ እጅ የለውም» አለና ኮርቻውን እንደተሸከመ በእግሩ ወደ አገሩ ሄደ። አቶ ስመኘውም፣ «እኔ የሚይዝ ጋላቢም የሚያዝ ፈረስም አልፈልግም፤ እሸጠዋለሁ» አሉ። ቦራ ከምርጫው ወጣ። ጋሽ ተገኝ አንዲት ቃል ብቻ ተናገሩ፤ «ቸኮልሽ።» እኔ ግን አልሰማኋቸውም። ትክክል ነኛ!

በማግሥቱ የውብዳር ለገበያ ከዳንግላ መጣች። ሁልጊዜ ስትመጣ ቢሮአችን ትገባለች፤ ለጋሽ ተገኝ የገብስ ቆሎ ትይዛለች። እሳቸው ደግሞ እሷ ስትመጣ ፊታቸው ይፈታል። ከእኔ ጋር ስለ ጭቃ፣ ከእሷ ጋር ስለ ዓለም ያወራሉ። የዚያን ቀንም ቆሎውን እየቆረጠሙ በር ላይ ቆመው ሲስቁ፣ አቶ ስመኘው ቦራን ለገበያ እየሳቡ አለፉ።

«ኧረግ!» አለች የውብዳር። «ይኼ ቦራ የመናኸሪያው የጋሪ ፈረስ አይደለም እንዴ?»

«የምን ጋሪ?» አሉ ጋሽ ተገኝ።

«ዳንግላ መናኸሪያ በር ላይ ቆሞ የሚውለው! ባለቤቴ ጎን ለጎን ስንት ዓመት ሠርቷል። አላወቃችሁትም? ቆይ።» ቆሎውን ለእኔ አስያዘችኝ። ሁለት እጇን አንሥታ አንዴ አጨበጨበች።

ፈረሱ ቀጥ ብሎ ቆመ።

አቶ ስመኘው ሳቡት፤ አልሄድ አለ። ጆሮውን ወደ ኋላ አዙሮ ይጠብቃል።

«ተሳፋሪ እስኪወጣ ነው» አለች የውብዳር። «ዳንግላ ጋሪ የሚጠራው በጭብጨባ ነው፤ ይኼማ ነጂው ልጓም ሳይስብ እሱ ራሱ ሰምቶ የሚቆም ነበር። ስንቱ መንገደኛ ለእሱ ብሎ የኛን ጋሪ ይተው ነበር መሰላችሁ! ባሌ ሌሊት ሌሊት ይረግመው ነበር።» ከዚያ በአዊኛ አንድ ነገር አለችው፣ ጎኑንም መታ አደረገችው። ሄደ። ደግማ አጨበጨበች። ቆመ።

ጋሽ ተገኝ የያዙት ቆሎ ከእጃቸው ፈሰሰ። ዳሱ፣ ክቡ፣ የሴቶቹ ጭብጨባ፣ ባዶው የልምምድ ሜዳ፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ፊታቸው ላይ ሲያልፍ አየሁት። በእኔም ፊት ላይ አልፎ ይሆናል፤ የሚያየኝ ሰው ግን አልነበረም፤ ሁሉም የሚያየው እሷን ነው።

ዳንግላ ተወልጄ፣ ዳንግላ አድጌ፣ በዚያ ጋሪ ስንት ጊዜ ተሳፍሬ! ስንት ጊዜ አጨብጭቤ! እንዴት አልመጣልኝም? እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ መሳሳቴ ሳይሆን መልሱ በእጄ ላይ እንደነበረ ነው። እሷም ብትሆን አውቃ አልፈለገችውም፤ እንዲሁ በመንገድ ላይ አገኘችው። እንደ ልማዷ።

«ፈረሱን አይሽጡ» አሉ ጋሽ ተገኝ ለአቶ ስመኘው። «ነገ ደግመን እንለካዋለን። ሕዝቡም ይምጣ፣ ጭብጨባውም ይኑር።»

«ጆሮውንስ?» አሉ አቶ ስመኘው።

«ባዘቶ» አለች የውብዳር። «ባዘቶ ጥጥ ይጠቅጠቅበት። የበግ ጠጕር ያሳክከዋል፤ ያራግፈዋል።»

ይህን ደግሞ ማን ነገራት?

ጋላቢው ግን ቀረ። እኔና ጋሽ ተገኝ አንዷለም ቤት ሄድን። ደጁ ላይ ቁጭ ብሎ ኮርቻውን ቅቤ ይቀባል። አልተነሳም። ለጋሽ ተገኝ ግን በርጩማውን ገፋ አደረገ።

«አንዷለም፣ ተሳስቼ ነው» አልኩት። የጭብጨባውን ነገር ከእግር እስከ ራሱ ነገርኩት።

አዳመጠ። «ሦስተኛው ላይ ልቡ ከእኔ ሲወጣ ታውቆኝ ነበር» አለ። «ተረከዜን ሰጠሁት፣ አልሰማኝም። ሌላ ሰው እንደሚያዘው ነበር የሆነብኝ። ይኸን ማን ያምነኛል ብዬ ዝም አልኩ።»

«ነገ ትጋልበዋለህ?» አሉት ጋሽ ተገኝ።

«እጋልባለሁ። ግን አንድ ነገር አለኝ፣ ጋሼ።» ወደ እኔ ጠቆመ። «ይች እህቴ ሰዓት አትይዝም። ሴቶቹ መሐል ገብታ ታጨብጭብ። ያን ጊዜ እጄን ደህና አድርጋ ታየዋለች።»

ጋሽ ተገኝ ሳቁ። ስንት ዓመት ሳይስቁልኝ ቆይተው ያን ቀን ሳቁ! «ደግ ብለሃል» አሉ።

በማግሥቱ ዳሱ አጠገብ ከሴቶቹ ጋር ቆምኩ። ሰዓቱን ማን ይያዝ? ሁለተኛ ሰው የለም። ቀና ብዬ ወደ ጉብታው ሳይ እኔ ጋ ያደረችው የውብዳር ነጠላዋን አመሳቅላ ቆማለች። ጋሽ ተገኝ ሰዓቱን ከብብታቸው አውጥተው ሰጧት። ትኩስ ነው፤ አውቀዋለሁ። ጣቷን ያዙ፤ ጠቋሚዋን። ድምፃቸው ባይሰማኝም «አውራ ጣት ባላባት ነው» ሲሏት ከንፈራቸው ታየኝ። ያንን ቃል እኔ ስንት ወር ከተቆጡኝ በኋላ ነው ያገኘሁት፤ ለእሷ በመጀመሪያው ቀን ሰጧት። ከጎኔ የቆመች ሴትዮ፣ «ያች ማን ናት? ወይ ሲያምርባት!» አለች። «እህቴ ናት» አልኩ። «አትመሳሰሉም» አለችኝ።

ፈረሶቹ ተለቀቁ። ቦራ በሁለቱም ጆሮው ነጭ ባዘቶ ተጠቅጥቆለት ይመጣል፤ ሕፃናቱ በሳቅ ሞቱ። ኮሶውን አለፈ። ረግረጉን አለፈ። ሴቶቹ አጨበጨቡ። እኔም አጨበጨብኩ። ውሸት ምን ያደርጋል፣ መዳፌ እስኪላጥ ነው ያጨበጨብኩት። ለምን እንደዚያ እንዳጨበጨብኩ እኔ አውቃለሁ፤ እናንተም ትገምቱታላችሁ። ፈረሱ እንዲቆም ፈልጌ አይደለም ብል ማን ያምነኛል?

ቦራ አልቆመም። አንዷለም አጠገቤ ሲደርስ ሁለት እጁን ከልጓሙ ለቆ ወደ ላይ አነሳ፤ እንዳየው። አየሁት። መሬቱ ከእግሬ ሥር እየተንቀጠቀጠ ሄደ፤ ጭቃው ፊቴ ላይ ተረጨ። ከሁለተኛው ፈረስ ብዙ ቁመት ርቆ ገባ። ወደ ጉብታው ስወጣ የውብዳር ሰሌዳው ላይ ጽፋለች፤ ፊደሏ ጠማማ ነው፣ ቁጥሩ ግን ቁጥር ነው። ሦስተኛው ቁራጭ ከባዶው ሜዳ ጋር አንድ ሆኗል። የተጫነችበትን ጊዜ ጋሽ ተገኝ በዓይናቸው ከለኩት ጋር አስተያየሁት፤ ስህተት ፈለግሁ፣ አጣሁ።

ቦራ ባሕር ዳር ሄደ። አንዷለምም ሄደ። እዚያ ሁለተኛ ወጡ። ባዘቶውን ያየ የሌላ አገር ሰው ሁሉ እንደ ጌጥ አድርጎት በሚቀጥለው ዓመት ግማሹ ፈረስ ጆሮው ላይ ጥጥ አስሮ መጣ ይባላል፤ ይኸን አንዷለም ነው የሚለው፤ እሱ ደግሞ ወሬ ማሳመር ይወዳል።

ጋሽ ተገኝ የሚሰናበቱበት ቀን ቢሮው ውስጥ ነበርን። ኃላፊው፣ እሳቸው፣ እኔ፣ የውብዳርም ለስንብታቸው ብላ ከዳንግላ መጥታ። ኃላፊው፣ «እንግዲህ ጋሽ ተገኝ፣ የሚተካዎት ሰው ማን ይሁን?» አለ።

አዲስ ቀሚስ የለበስኩት ለዚያ ቀን ብዬ ነው።

ጋሽ ተገኝ ወደ እኔ አላዩም። «የውብዳር ብትይዘው ደስ ይለኛል» አሉ። «ሰዓት መያዝ በሦስት ወር ይለመዳል። ለምን የሚለው ግን አይለመድም፤ እሷ አላት።»

የውብዳር መጀመሪያ የሰማችም አልመሰለችም። ከዚያ፣ «ኧረ ጋሼ!» አለች። «እኔ ቤት አለኝ፣ ፈረስ አለኝ። ጭብጨባውን ያወቅሁት ያ ጋሪ ገበያችንን ስለበላን ነው እንጂ ምኔ ነው? እታለም እያለች? አይሆንም።»

«አስቢበት» አሏት።

«አስቤያለሁ። አይሆንም።»

ጋሽ ተገኝ መስኮቱን ጥቂት አዩ። ከዚያ ሰዓቱን ከኪሳቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

«እንግዲህ እናኑ ትያዘው» አሉ።

እንግዲህ። ይህች አንዲት ቃል ናት። ያለእሷ አረፍተ ነገሩ ይቆማል፤ «እናኑ ትያዘው» ይሆናል፤ እኔ ስንት ዓመት ስጠብቀው የኖርኩት ያ ነበር። በእሷ ምክንያት ግን ከዚያ ወዲህ በያዝኩት ሰዓት ሁሉ ውስጥ አንዲት ሌላ ሰው ቆማለች። ጥሩ ሠርቻለሁ። ይኸን ለራሴ እመሰክራለሁ። ስንት ፈረስ ከሽያጭ አዳንኩ፣ ስንት ጋላቢ «ሁለተኛው ቁራጭ ላይ አታስቸኩለው» ብዬው ገባ። ከቦራ በኋላ አንድም ቀን ጋላቢውን ሳልጠይቅ፣ ከየት ተገዛ፣ ማን ነድቶት ነበር፣ ምን ይፈራል ብዬ ሳልጠይቅ ስለ ፈረስ ተናግሬ አላውቅም። ልጆች ሳስተምርም መጀመሪያ የምላቸው እሱን ነው፤ ቁጥሩን ይዛችሁ ሂዱና ፈረሱን ጠይቁ። ግን ሁሉ ጊዜ፣ አንድ ነገር ትክክል ባልኩ ቁጥር፣ የውብዳር ብትሆን ቀድማ ታየው ነበር ብዬ አስባለሁ። ሰዎች ሲያመሰግኑኝ ምስጋናው እሷን አልፎ የተረፈው ይመስለኛል። ተቀብያለሁ፤ ተርፎም ቢሆን ምስጋና ነው።

ቀናሽባት ወይ ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ ቀናሁባት ሳይሆን አሁንም እቀናባታለሁ። ባሏ ሲሞትም፣ ባጃጅ መጥቶ ጋሪውን ሲያስቀረውም፣ ቀናሁባት፤ ማዘን ሲገባኝ አዘንኩም፣ ቀናሁም። ለቀብሩ ዳንግላ የወጣውን ሕዝብ ባያችሁ! እኔ ብሞት ያን ያህል ሰው አይመጣም አልኩ፤ አጠገቧ ቁጭ ብዬ እንባዬን እየጠረግሁ።

ወደ ስንብቱ ሳምንት ልመለስ፤ ቦታው የተሰጠኝ በሳምንቱ መጨረሻ ነው። በማግሥቱ ለእናታችን ልነግራት በሚኒባስ ዳንግላ ወረድኩ። መንገዱን ሁሉ እንዴት አድርጌ እንደምነግራት አስብ ነበር፤ እንግዲህ የሚለውን ትቼ ልንገራት ወይስ ሁሉንም እያልኩ። በሩ ላይ ስደርስ ጎረቤት ተሰብስቧል፤ ዶሮ ታርዷል። እናቴ ሮጣ መጥታ አቀፈችኝ። «መረጡሽ አሉ! ከሁሉ ሰው መሐል እናኑ ብለው መረጡሽ አሉ!» አለችኝ።

ከእኔ በፊት የነገረቻቸው የውብዳር ናት። በስንብቱ ቀን ማታ ቤት ገብታ፣ ለእናታችንና ለጎረቤቱ ሁሉ፣ ጋሽ ተገኝ ማንንም ሳያማክሩ እታለምን መረጧት ብላ ነግራቸዋለች። ዶሮዋም የእሷ ነበረች። ቦታው መጀመሪያ የቀረበው ለእሷ እንደነበር ለማንም አልነገረችም።